የቲን ፔሮቭስካይት ሴል ቮልቴጁ 0.45 ላይ ለምን ይቆማል?

ወንድሜ፣ በፔዶት (ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፖሊመር) ላይ የሠራኸው የፎርማሚዲኒየም ቲን አዮዳይድ የፀሐይ ሴል ከ0.45 ቮልት አላልፍ አለ፣ ግሎቭ ቦክስ (አየር የማይገባበት ባለ ጓንት ሳጥን) ውስጥ እያለም በሰዓታት ይሞታል ብለሃል። ማሸጊያውን ከመቀየርህ በፊት ጠርሙሱን ተጠራጠር። ቲን 4+ (ኦክሳይድ የሆነው ቲን፤ ለሴሉ የሚፈለገው 2+ ነው) ከአየር ብቻ አይመጣም፤ በገዛኸው ቲን አዮዳይድ ውስጥም ሊኖር ይችላል። እሱ ሲበዛ በክሪስታሉ ውስጥ የቲን ቦታዎች ባዶ ይቀራሉ፣ ፊልሙ በሆል (ኤሌክትሮን በጎደለበት ቦታ በሚፈጠር ፖዘቲቭ ቻርጅ) ይሞላል፤ ብርሃን የፈጠራቸው ኤሌክትሮኖችም ኤሌክትሮዱ ጋ ሳይደርሱ ይጠፋሉ።

ለ1 ሚሊ ሊትር መፍትሔ 372 ሚሊግራም ቲን አዮዳይድ፣ 172 ሚሊግራም ፎርማሚዲኒየም አዮዳይድና 15.7 ሚሊግራም ቲን ፍሎራይድ (10 ሞል በመቶ) በ4 ለ1 የዲኤምኤፍና የዲኤምኤስኦ ሟሚዎች ቅልቅል አሟሟ። ፍሎራይዱ ከዚህ በጣም ከበዛ ተለይቶ ፊልሙ ላይ ይከማቻል። ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም የቲን ብናኝ ጨምረህ ጥቂት ሰዓት በማግኔት አማስል፤ ብናኙ 4+ የሆነውን ወደ 2+ ይመልሰዋል። ከዚያ በ0.2 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፈው። ቶሎ እንዲሟሟልህ ብለህ ግን አታሙቀው፤ ዲኤምኤስኦ ሲሞቅ ራሱ ቲኑን ኦክሳይድ ያደርጋል። ቢጫው ወደ ቀይ ካደላ ድፋው።

ቲን ከእርሳስ በጣም ፈጥኖ ክሪስታል ይሠራል። መስታወቱ በደቂቃ 5000 ዙር እየዞረ ክሎሮቤንዚኑን (ክሪስታሉን በአንዴ የሚያስወጣውን ፈሳሽ) ፊልሙ ከመጨለሙ በፊት አፍስስ፤ ከጠቆረ በኋላ ዋጋ የለውም። የምታፈስበት ሰከንድ እንደ መፍትሔው መጠንና እንደ ቦክሱ የሟሚ ትነት ስለሚለያይ፣ በአምስት መስታወት ላይ ሁለት ሁለት ሰከንድ እያራቅህ ሞክር። ማሞቂያው 70 ዲግሪ፣ 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

ቮልቴጁ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ፒሲቢኤምን (ኤሌክትሮን የሚቀበለውን የፉለሪን ንጣፍ) ነው። የኤሌክትሮን ደረጃው ለቲን ዝቅ ያለ ስለሆነ ቮልቴጁ እዚያ ይባክናል፤ አይሲቢኤ የተባለው ሌላ ፉለሪን ይሻላል።

ለዕድሜ፣ ከፎርማሚዲኒየሙ 10 በመቶ ያህሉን በፊኒልኤቲልአሞኒየም ተካ። አብዝተኸው እሱ የሚፈጥራቸው ንጣፎች ጠፍጥፈው ከተኙ ኮረንቲ ይዘጋሉ። ቲን 4+ እርጥበትና ኦክስጅን ሲያገኝ መጨረሻው አዮዲን ነው፤ አዮዲኑ ተመልሶ ጤነኛውን ቲን ይበላል፣ የብር ኤሌክትሮዱንም ያዝጋል። ጠርሙሱን አስቀድሜ ያነሳሁት ለዚህ ነው። ማሸጊያ ከዚህ በኋላ፣ ኦክስጅኑ ከ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ) በታች በሆነ ቦክስ ውስጥ ይሁን፤ ሙጫውን በዩቪ ስታደርቅ የሴሉን ገጽ ሸፍነው።

ዕድሜውን ስትለካ ደግሞ ተደጋጋሚ የቮልቴጅ ስካን ሳይሆን በከፍተኛው ኃይል ነጥብ ላይ ይዘህ ተከታተለው።