የፊት ሾክ ዘይት ሲያፈስ

ጥያቄ፦ የሞተሬ የፊት ሾክ ዘይት ያፈሳል። ሲሉን (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ቤት ውስጥ ራሴ ልቀይረው አስቤያለሁ፤ ግን ሞተር ፈትቼ አላውቅም። እችለዋለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ ወንድሜ፣ ግን ለመፍታት አትቸኩል። መጀመሪያ የሚያብለጨልጨውን ቱቦ ጥረግና ጥፍርህን ከላይ ወደ ታች አሂድበት። ጥፍርህን የሚይዘው ጭረት ካለ አዲሱም ሲል ቶሎ ይቀደዳል። አንዳንዴ ጥፋቱ ከአቧራ መከላከያው ስር የገባ ጭቃ ብቻ ነው፤ ማጽዳቱ ይበቃል። ዘይቱ የፍሬን ሸራው ላይ ደርሶ ከሆነ ግን ሞተሩን አትንዳ፣ ሸራው ይቀየር።

መፍታቱ ግድ ከሆነ፣ የፊት ጎማውን ከማውጣትህ በፊት ሞተሩ በደንብ ተደግፎ ይቁም። የላይኛውን ክዳን ቱቦው ገና በታችኛው ማቀፊያ እንደተያዘ አላላው። ከወጣ በኋላ ማን ይይዝልሃል? ጨርሰህ ስትፈታው ፊትህን ዞር አድርግ፤ ሞላው ክዳኑን ያስፈነጥረዋል።

ብዙ ጀማሪ አዲሱን ሲል የሚያበላሸው ሲያስገባው ነው። የቱቦውን ጫፍ በስስ ፌስታል ሸፍንና የሾክ ዘይት ቀባው፤ የሲሉ ከንፈር ሳይቆረጥ ይንሸራተታል። በካቻቢቴ እየወጋህ አታስገባው! እኔ ልኩ የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ነው የምጠቀመው። የዘይቱን ዓይነትና መጠን ከሞተሩ መመሪያ ላይ እይ። ሁለቱንም ጎን አብረህ ቀይር።