ልጁ በእጁ የያዘውን አታስጥሉት

ልጆቼ፣ ፎቶ ቤት ከፍቼ ሰው ማንሳት ከጀመርኩ 40 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሙያውን በደንብ ያስተማሩኝ ግን ካሜራ ይዘው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። በፈረንጆቹ 1800ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ከመንደር መንደር እየዞሩ የሰው መልክ ይሥሉ የነበሩ ሠዓሊዎች።

ብዙዎቹ ራሳቸውን ያስተማሩ ነበሩ። እጅ መሣል ይከብዳቸዋል፤ የሕፃኑ ፊት አንዳንዴ የሽማግሌ ይመስላል። ዊሊያም ማቲው ፕራየር የሚባለው እንዲያውም ጥላ የሌለው ጠፍጣፋ ሥዕል ለሚፈልግ ሰው በሩብ ዋጋ እሠራለሁ ብሎ ያስተዋውቅ ነበር። «ዋጋ ሰበሩብን» እያላችሁ የምታማርሩ፣ ነገሩ አዲስ አይደለም።

አሚ ፊሊፕስ በ1830ዎቹ የሣላትን ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ፈልጋችሁ እዩ። ነጭ ድመት ታቅፋለች፤ እግሯ ሥር ውሻ ተኝቷል። አንገቷ ላይ ከኮራል፣ ከባሕር ከሚወጣ ድንጋይ መሰል ነገር፣ የተሠራ ቀይ ዶቃ አለ። ያኔ ኮራል ልጅን ከክፉ ይጠብቃል ይባል ነበር፤ የኛ እናቶች ክታብ እንደሚያስሩት ማለት ነው። ፊሊፕስ ያንኑ ዓይነት ቀይ ቀሚስ ሌሎች ልጆችንም አልብሶ ሥሏል።

ወንዶቹም ትንንሽ ሳሉ ቀሚስ ይለብሱ ነበር። ስለዚህ ፊቱን ትታችሁ እጁን እዩ። አለንጋ ወይም መዶሻ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ አሻንጉሊት ከሆነ ሴት። ወላጅ ለልጁ የተመኘው ሁሉ እዚያች ትንሽ እጅ ላይ ነው።

የማሳቹሴትሷ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ሠዓሊ ጆሴፍ ዋይቲንግ ስቶክ ደግሞ በ11 ዓመቱ የበሬ ጋሪ ወድቆበት እግሩ ከዳው። እንዲያም ሆኖ በደብተሩ ከ900 በላይ ሥዕሎች መዝግቧል። ከነዚህ መካከል የሞቱ ሕፃናት አሉ። አስከሬኑን አይቶ፣ ልጁን በሕይወት እንዳለ አድርጎ ይሥለዋል።

እኔ ሥራ እንደጀመርኩ አንዲት ሴት የእህቷን ልጅ ይዛ መጣች። ልጁ የወታደር ኮፍያ ጨብጦ አልለቅም አለ። ኮፍያው አድፏል። በከረሜላ አታልዬ አስጣልኩት። ፎቶው አማረ።

ፎቶውን ልትወስድ የመጣችው የልጁ እናት ነበረች። ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ «ግንባር ላለው አባቱ ልልክለት ነበር» አለች። «ኮፍያውን ትቶለት የሄደው እኮ እሱ ነው።» ሂሳቧን ከፍላ ወጣች። እንደገና ላንሳው ማለት የታወሰኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።