«ታሪክ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ላልሽኝ እህቴ

«የታሪክ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ የአድዋ ድል በጊዜው በውጭ ጋዜጦች እንዴት እንደተዘገበ ነው። አማካሪዬ ‹ቀዳሚ ምንጭሽ የታለ?› ብለው መለሱልኝ። ውጭ አገር ሄጄ መዝገብ ቤት አልገባ፣ ከየት ላምጣው? ቤተሰቦቼ ደግሞ ‹ታሪክ እንጀራ አይሆንም፣ ማታ አካውንቲንግ ተማሪ› ይሉኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣ ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል፤ መልሱ ግን አንድ ነው። አማካሪሽ አምጪ ያሉሽን ነገር ፈልጎ ማግኘት ከቻልሽ፣ ቤተሰቦችሽ የሚጠይቁትን እንጀራም የሚያመጣልሽ እሱው ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት መሥራትሽን ወድጄዋለሁ። በቀን ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በእጅሽ ያልፋል! እስቲ የግርጌ ማስታወሻቸውን ልብ ብለሽ እዪ። አንዱ ከሌላው የወሰደው፣ ያም ከሦስተኛው የወሰደው ይበዛል። የመጀመሪያውን ወረቀት ያየ ሰው ጥቂት ነው። አማካሪሽ ቀዳሚ ምንጭ፣ ተማሪዎች ፕራይመሪ ሶርስ የሚሉት ያንን የመጀመሪያ ወረቀት ነው። ነገሩ በሆነበት ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ፣ ቴሌግራም፣ ጋዜጣ፣ ብራና፣ ፎቶ።

ለአንቺ ርዕስ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግሽም። የዘመኑ ጋዜጦች ስልክሽ ላይ አሉ፣ ያውም በነፃ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ የሚባል ክምችት አለው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ክሮኒክሊንግ አሜሪካ የሚባል አለው። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ አለው። ከትሮቭ ጀምሪ እላለሁ። አውስትራሊያ ከአድዋ ምን አገናኛት ትዪ ይሆናል። የዚያን ጊዜ ጋዜጦች ከለንደን በቴሌግራም የሚመጣላቸውን ወሬ እየተቀባበሉ ያትሙ ነበር። ስለዚህ ዜናው ከቀን ቀን ሲለዋወጥ እዚያ ትከታተይዋለሽ። የሟቾች ቁጥር ይለዋወጣል፣ የቦታ ስም ይለዋወጣል። የጽሑፍሽ ሥጋ እዚህ ውስጥ ነው።

አሁን ብዙ ተማሪ ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ላይ ደረስን። «ኢትዮጵያ» ብለሽ ብትፈልጊ ብዙ አታገኚም። በጊዜው ፈረንጆቹ «አቢሲኒያ» (Abyssinia) ነበር የሚሉን። አድዋን «አዱዋ» (Adua)፣ «አዶዋ» (Adowa) እያሉ ይጽፉታል። ምኒልክንም በአራት በአምስት ዓይነት ፊደል ታገኚያቸዋለሽ። ያንን ሁሉ አጻጻፍ ደብተርሽ ላይ ዘርዝሪና አንድ በአንድ ሞክሪ። ሌላም አለ። ያረጀውን ጋዜጣ ወደ ፊደል የለወጠው ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ ይሳሳታል። ስለዚህ የተተየበውን ብቻ አንብበሽ አትለፊ። የገጹን ምስል ከፍተሽ በዓይንሽ አረጋግጪ።

ቀኑ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በዓሉን ዘንድሮ ስናከብር በፈረንጆቹ ማርች 2 ላይ ይውላል። የዘመኑን ጋዜጣ ስትከፍቺ ግን ጦርነቱ ማርች 1 ቀን 1896 ሆኖ ታገኚዋለሽ። አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ፈረንጆቹ እ.ኤ.አ. በ1900 ፌብሩዋሪን 28 ቀን ላይ አቆሙት፣ በእኛ ቆጠራ ግን ያ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። ዛሬ ስልክሽ ላይ ካለው ካላንደር አይተሽ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቀን ብትገለብጪ በአንድ ቀን ትስቻለሽ። ፈታኝ እንዲህ ያለችውን ነገር ያያል። በጽሑፍሽ ውስጥ አንድ አንቀጽ ብትሰጪያት ደግሞ ነገሩን ከሥሩ መመርመርሽን ታሳያለች።

ያገኘሽውን እንዴት እንደምትይዢ ልንገርሽ፤ እኔን ዋጋ ያስከፈለኝ ይህ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት የካቲት 12ን የሚያስታውስ ትንሽ ኤግዚቢሽን ስናዘጋጅ አንድ ፎቶ ከኢንተርኔት አወረድኩ። ከየት እንደመጣ አልመዘገብኩም። ፎቶው ተሰቀለ። በሁለተኛው ቀን አንድ አባት መጡና ብዙ ቆመው አዩት። «ልጄ፣ ይህ የእኛ አገር አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ቤተሰባቸው በዚያ ቀን ያለቀባቸው ሰው ናቸው። ያን ቀን ያፈርኩትን ማፈር እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሠንጠረዥ አዘጋጂ። ሰነዱ ምንድን ነው፣ ማን ጻፈው፣ ለማን፣ በሁለቱም አቆጣጠር መቼ፣ ዋናው የት ተቀምጧል፣ የመለያ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ሊንኩ፣ ያየሽበት ቀን። ሊንክ ብቻ ይዘሽ እንዳትቀሪ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 የብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት በሳይበር ጥቃት ሲመታ በዲጂታል የተቀመጡት ብራናዎቹ ለረጅም ጊዜ አልተከፈቱም። ከመቅደላ ከተወሰዱት የእኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ያሉት እዚያ ነው። የመለያ ቁጥሩን የያዘ ሰው ግን ሰነዱን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ይችላል።

የእኛ ወገንስ? አማካሪሽ ይህን መጠየቃቸው አይቀርም። በ1888 የአማርኛ ጋዜጣ አልነበረም። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን ዜና መዋዕል ያዢ፣ የዘመኑን ደብዳቤዎች ፈልጊ። ለዚህ ደግሞ እግርሽን አንቀሳቅሺ። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ምን ያህል ነው? የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ከዲፓርትመንትሽ የትብብር ደብዳቤ አጽፊና ሂጂ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክርም፣ እንደዚሁ። ኢንተርኔት ላይ የሌለው ብዙው ነገር ያለው እነዚህ ቤቶች ውስጥ ነው። ወደ ብራና ካዘነበልሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አሉ። ብዙዎቹን በነፃ ተመዝግበሽ ስልክሽ ላይ ማየት ትችያለሽ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት እነሱን አንብቦ ለመመዝገብ ነው።

ወደ እንጀራው ልምጣ። «የታሪክ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እምብዛም አታዪም፤ ይህን አልሸሽግሽም። ችሎታው ግን በሌላ ስም ይፈለጋል። ዶክመንተሪ የሚሠሩ ሰዎች ፎቶና ፊልም ፈልጎ እውነተኛነቱን የሚያጣራ ሰው ይፈልጋሉ። ጋዜጣና ሬዲዮም እንደዚሁ። ጠበቆች የድሮ አዋጅና የቦታ ሰነድ የሚያገኝላቸው ይፈልጋሉ። ሙዚየም አለ። ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. ተከፍቷል። እንዲህ ባለ ቦታ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር የሚጻፈውን ሁለት መስመር ምንጩን አውቆ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ለእነዚህ ሁሉ ከዲግሪሽ በፊት የምታሳዪያቸው ያ ሠንጠረዥሽን ነው። ሥራ ጠያቂ ሆነው ወደ እኔ ከሚመጡት ውስጥ «ይኸው የሠራሁት» ብሎ ወረቀት የሚዘረጋ ጥቂት ነው።

አካውንቲንግ መማር ነውር የለውም። ግን ጽሑፍሽን ሳትጨርሺ አትጀምሪው። ተጨማሪ ነገር መማር ካለብሽ ግን እኔ ቋንቋ እመርጥልሻለሁ። ፈረንሳይኛ ፒያሳ አካባቢ ካለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ መማር ትችያለሽ። ጋዜጣ አንብበሽ ለመረዳት ያህል ብቻ እንኳ ብትደርሺ ጋሊካ በሙሉ ይከፈትልሻል። ለቤተሰቦችሽም በአፍ ከምትከራከሪያቸው የመጀመሪያውን የጋዜጣ ገጽ አትመሽ ቤት ውሰጂላቸው። አባትሽ ስለ አድዋ በዚያው ሰሞን የታተመ ጋዜጣ በእጃቸው ይያዙ። አንቺም ምን እንደሚል ተርጉመሽ አንብቢላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ትሮቭን ክፈቺና ማርች 1896ን ምረጪ። መጀመሪያ «አዶዋ» ብለሽ ፈልጊ። አምስት ዜና ብቻ አውጪ፣ አምስቱን ሠንጠረዡ ላይ ሙይ። የቀኑ ነገር ካስቸገረሽ ጻፊልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።