ለጀልባ የትኛው ሳክሽን ይሻላል?

ከዘጌ እንዲህ ተብሎ ተጠየቅኩ፦ «የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪዎች ነን። ታማሚ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር እናመጣለን። መንገድ ላይ ሲያስመልሰው አፉን የምናጸዳበት የለንም። የባትሪ ሳክሽን (ከአፍ ፈሳሽ የሚስብ መሣሪያ) እንግዛ ወይስ በእጅ የሚሠራውን?»

ገንዘባችሁ ለአንድ ብቻ ከበቃ የእጁን ግዙ። የተሳበው የሚጠራቀምበት ማሰሮ ትንሽ ነው፣ አንድ እጅም ይይዝባችኋል። ግን ሁሌም ይሠራል። ለጥገና ከሚመጡልኝ የባትሪ ሳክሽኖች የብዙዎቹ ሞተር ደህና ነው። የሞተው ባትሪው ነው። ሳጥን ውስጥ ወራት ተቀምጦ፣ ማንም ቻርጅ ሳያደርገው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ የሚፈለገው ሰው ሲታፈን ነውና።

ለሁለቱም ከበቃ ግን የባትሪውን ጨምሩ፣ የእጁም ከጎኑ ይቀመጥ። ሻጩ ፊት አስነሡትና የቲዩቡን ጫፍ በአውራ ጣት ድፈኑ። የመሳብ ኃይሉን የሚያሳየው ጌጅ በ4 ሴኮንድ 300 ሚሊሜትር ሜርኩሪ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ይቅርባችሁ። ጫፉ ሲከፈት ደግሞ በደቂቃ ቢያንስ 30 ሊትር አየር ይሳብ፤ ይሄን መግለጫው ላይ ታገኙታላችሁ። ሙከራውን እዚሁ ባሕር ዳር አድርጉት። እኛ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ 600 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚስብ ፓምፕ እዚህ ከ500 በታች ይወርዳል።

ጀልባ ይወዛወዛል። ማሰሮው ካጋደለ ፈሳሹ ፊልተሩን ያርሰዋል፣ የረጠበ ፊልተር ደግሞ አየር አያሳልፍም። ማሽኑ እየጮኸ ምንም አይስብም። ማሰሮውን ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ትርፍ ፊልተርም ያዙ።

ካቴተር የሚባለውን ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ። እንጀራ የበላ ሰው ሲያስመልሰው ወዲያው ይደፈናል። ያንካወር የሚባለውን ወፍራምና ጠንካራ የአፍ መሳቢያ ግዙ።

አጠቃቀሙ ላይ፦ መጀመሪያ ታማሚውን በጎኑ አስተኙት። የምታዩትን ብቻ ሳቡ፣ በአንድ ጊዜ ከ10 ሴኮንድ አይለፍ። ሐይቅ ውስጥ ሰጥሞ የወጣ ሰው አፉ አረፋ ቢሞላ አረፋውን ስትስቡ ጊዜ አታባክኑ። ደጋግሞ ይመጣል። እሱ የሚፈልገው ትንፋሽ ነው፤ ትንፋሽ መስጠቱን ቀጥሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት አጥሚት ውስጥ እንጀራ ፈትፍታችሁ ሱቁ ድረስ ይዛችሁ ሂዱ። ማሽኑን ያንን አስስቡት። ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ጀልባው ላይ ሆናችሁ ድገሙት።