መልስ፦ መብራት ጠፍቶ የተቋረጠ የኡቡንቱ ማሻሻያ

ደብረ ብርሃን ላይ በማሻሻያ መሀል መብራት ጠፍቶባቸው ኡቡንቱ (የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ነው) አዲስ ነገር አልጭንም ላላቸው ጠያቂ፦ ሁሉን አጥፍተው እንደ አዲስ አይጫኑ። እኔም ደብረ ሲና ሳለሁ፣ ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ፣ ይኸው ደርሶብኛል።

ፓኬጆቹ፣ ማለትም የፕሮግራም ጥቅሎቹ፣ ተፈትተው ሳይዋቀሩ ቀርተዋል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው ዲፒኬጂ (dpkg) የተባለውን የፓኬጅ ጫኝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን «ኮንፊገር» እና «ኤ» በሚሉት አማራጮች ያስነሱት፤ ከተቋረጠበት ይቀጥላል። ከዚያ ፓኬጆችን የሚያስተዳድረውን ኤፒቲን (apt) «ፊክስ ብሮክን» እና «ኢንስቶል» በሚሉት ያስኬዱት። ሁለት ጫኞች በአንዴ እንዳይሠሩ የሚከለክለውን የቁልፍ ፋይል ሰርዙ የሚል ምክር ከሰሙ ግን እጅዎን ይሰብስቡ፤ ሌላ ጫኝ ከጀርባ እየሠራ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። አሁንም እምቢ ካለ «ቡት» የሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያስፈልጉት ፋይሎች ያሉበት የዲስክ ክፍል ሞልቶ እንደሆነ ይዩ፤ ያረጁ ከርነሎች (የስርዓቱ እምብርት ፋይሎች) ያጨናንቁታል።

ችግሩን ሲያሳውቁ «አልሠራም» ብቻ አይበሉ፤ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «አመመኝ» ብሎ ዝም እንደማለት ነው። በ«ቫር»፣ «ሎግ»፣ «ኤፒቲ» ማህደር ውስጥ «ተርም ሎግ» የሚባል ፋይል አለ። ከታች ሳይሆን ከላይ ጀምረው የመጀመሪያውን «ኢረር» ይፈልጉ፤ የኋለኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው። ያንን መስመር ከፓኬጁ ስምና የዕትም ቁጥር ጋር፣ መብራት መጥፋቱንም ሳይደብቁ፣ «ኡቡንቱ በግ» (ubuntu-bug) በሚለው የስህተት ማሳወቂያ ትእዛዝ ይላኩ። መስመሩን እዚህም ቢለጥፉት አየዋለሁ።