«ዌርዉልፍ»፦ «ዌር» ምንድን ነው?

በፈጠራ ታሪኮች ወደ ተኩላ ስለሚለወጠው ሰው የእንግሊዝኛ ስም፣ ስለ «ዌርዉልፍ»፣ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል።

«ዌር» እንግሊዝኛው «ነበሩ» የሚልበት ግስ ነው?

አይደለም፤ ፊደሉ ብቻ ነው የገጠመው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ዌር» ጎልማሳ ወንድ ነው፣ «ዉልፍ» ደግሞ ተኩላ። የላቲኑ «ዊር» (ወንድ) ዘመዱ ነው። ቃሉ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ቦታውን ለእንግሊዝኛው «ማን» (ሰው፣ ወንድ) ለቆ ከአፍ ጠፋ፤ የተረፈው በጥምር ቃላት ውስጥ ተሸሽጎ ነው። «ዌርጊልድ» ለተገደለ ሰው የሚከፈል ካሳ ነበር፣ የኛ ጉማ ማለት ነው። «ወርልድ» (ዓለም) እንኳ ሲፈታ «የሰው ዘመን» ይሆናል።

መጀመሪያ የተጻፈው የት ነው?

በእንግሊዝ ንጉሥ በክኑት ሕግ፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ። የሚገርመው፣ እዚያ የሚለወጥ ሰው የለም። ጳጳሳት እንደ እረኛ መንጋቸውን እንዲጠብቁ ሲታዘዙ፣ «ዌርዉልፍ» የተባለው ነጣቂው ዲያብሎስ ነው።

ቡዳን «ዌርሃይና» ብዬ ልተርጉመው?

አወቃቀሩ ያስኬዳል፤ «ሰው-ጅብ» ማለት ነው። ስህተቱ የሚመጣው «ዌር» «የሚለወጥ» ማለት ሲመስለን ነው። ቃሉን በጥብቅ ከያዝነው ለሴት አይሆንም፤ በዚያ ዘመን ሴት «ዊፍ» ነበረች፣ ስለዚህ «ዊፍዉልፍ» ሊባል ነው! (ማንም አይለውም።) ትርጉሙ የሚጎድለው ግን ሌላ ቦታ ነው። በቡዳ እምነት ዋናው ዓይን ነው፤ ሰው «ተበላ» የሚባለው በዓይን ነው፣ ጅብ መሆኑ ተከታይ ነው። ስሙ በቀጥቃጮችና በሸክላ ሠሪዎች ላይ ሲለጠፍ ስለኖረም፣ «ቡዳ» ብሎ ትቶ ማብራራት ይሻላል።

የፈረንሳይኛው «ሉ-ጋሩ»ስ?

«ሉ» ተኩላ ነው። «ጋሩ» ራሱ ከፍራንኮች (የጥንት ጀርመናዊ ሕዝብ) ቋንቋ የገባ ያው «ሰው-ተኩላ» ነው። ተኩላው ሁለቴ ተጠርቷል።

«ናይትሜር» (የእንግሊዝኛው ቅዠት) የሌሊት ፈረስ ነው?

«ሜር» ዛሬ ባዝራ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጥንቱ «ማሬ» በተኛ ሰው ደረት ላይ የሚቀመጥ ክፉ መንፈስ ነው፤ የፈረንሳይኛው «ኮሽማር» (ቅዠት) መጨረሻም እሱው ነው። ስለዚህ የድሮ ጽሑፍ ሲተረጎም «ቅዠት» አይበቃም፤ ቃሉ «ዱካክ» ነው።