ፔስሜከር ይዤ ፀሐይ ብሞቅስ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የምኖር ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ። ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ከተገጠመልኝ አራት ወር ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር ፀሐይ መሞቅ ልማዴ ነው። ልጄ ግን «ብረቱ ይግላል፣ ባትሪውም ይበላሻል» ብላ አላስወጣ አለችኝ። እውነቷን ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ብትሰጋ አይፈረድባትም። መሣሪያው ግን በፀሐይ አይግልም። ከቆዳ ሥር ስላለ ሙቀቱ የሰውነትዎ ሙቀት ነው፤ 37 ዲግሪ ገደማ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጠባሳው ነው። አዲስ ጠባሳ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል። የመጀመሪያውን ዓመት በሸሚዝ ይሸፍኑት። መድኃኒትዎንም ይዩ። አሚዮዳሮን የሚባለውን የልብ ምት መዛባት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቆዳዎ ቶሎ ይቃጠላል፤ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ የግድ ነው። የሚያሸና ኪኒን ካለ ደግሞ ሙቀት ላይ ግፊትዎ ወርዶ ሊያዞርዎት ይችላል። ከአግዳሚው ሲነሱ ቀስ ይበሉ። ውሃ ምን ያህል እንደሚጠጡ የልብ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ የልብ ድካም ያለበት ሰው እንደልቡ አይጠጣም።

የጠዋቷ ፀሐይ ትበቃለች። አሞራ ገደል ዓሣ ልብላ ብለው እስከ ቀትር እንዳይቆዩ ብቻ! (ዓሣውን ልጅዎ ታምጣልዎት።) ስልክዎንም በደረት ኪስ አይያዙ፤ ከመሣሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ራስዎን ከሳቱ ወይም ቁስሉ ካበጠና ከቀላ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ።